ሉብሊያና ውስጥ ምን ይሠራል? ስለ መዝናኛ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ስሎቬንያ ዋና ከተማ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለጉብኝት የሚመጡ የእኛ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ ወርና ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ትንሽ ከተማ ናት ይላሉ። ምን ያህል ትንሽ ናት?

ነዋሪዋ 300 ሺህ ገደማ ነው። ከአንዳንዱ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ያነሰ ሕዝብ ማለት ነው። ግን ፓርላማው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ኦፔራው፣ ትልልቆቹ ሙዚየሞች ሁሉ እዚችው ናቸው። ስለዚህ ስፋቷ ከሚያስገምተው በላይ ብዙ ነገር አላት።

ከባቡር ጣቢያው ተነስታችሁ ወንዙ ዳር ለመድረስ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። መሀል ከተማው ከ2007 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ለመኪና ተዘግቷል። ቀጠሮ ያለው ሰው ታክሲ ሳይሆን እግሩን ነው የሚያምነው።

ከተማዋ ትደብራለች የሚባለው እውነት ነው?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እሰማዋለሁ። የሚሉኝን ሰዎች መልሼ የት የት እንደሄዱ ስጠይቃቸው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ትልቁ የገበያ ማዕከልና ቤታቸው። እንደዚያ ከሆነ አዎ፣ ትደብራለች።

እዚህ አገር መዝናናት ማለት በአብዛኛው ከቤት መውጣት ነው። ሰው ከሥራ ሲወጣ ጫማ ቀይሮ ኮረብታ ይወጣል፣ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ያወራል፣ ጫካ ውስጥ ወክ ያደርጋል። ማስታወቂያ የሚሠራለት ስለሌለ አዲስ ሰው አያየውም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ማንም መጥቶ «ና እንውጣ» አይላችሁም። እናንተ ቀድማችሁ ውጡ። ያን ጊዜ ከተማዋ ትከፈታለች፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም።

አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ። የት ልጀምር?

ፕሬሼረን አደባባይ ጀምሩ። ስሙ የተሰጠው ለገጣሚው ፍራንጼ ፕሬሼረን ነው። ሐውልቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ፊቱን ያዞረው ወደ አንድ ቤት ግድግዳ ነው፤ እዚያ ላይ በመስኮት ብቅ ያለች የምትመስል ሴት ተቀርጻለች። ዩልያ ትባላለች፣ ወዷት ያላገኛት ልጅ ናት። በሙቀቱ ወራት ደግሞ አደባባዩ ላይ አንዲት ክብ ቦታ አለች፤ ፀሐይ ወጥቶ እያለ እዚያች ላይ ብቻ ከላይ እንደ ካፊያ ውሃ ይወርዳል። ልጆች እየጮሁ ይገባሉ፣ ትልልቆቹ ዳር ቆመው እጃቸውን ብቻ ያስገባሉ።

ከአደባባዩ ወደ አሮጌው ከተማ የሚያሻግረው ሦስቱ ድልድይ ነው። መካከለኛው የቆየ ነው፤ ግራና ቀኙን ለእግረኛ የጨመረው አርክቴክቱ ዮዠ ፕሌችኒክ ነው። የገበያው ቅስቶች፣ የወንዙ ዳር ደረጃዎች፣ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ሕንፃም የእሱ እጅ ናቸው። ዩኔስኮ በ2021 ሥራዎቹን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ከገበያው ትንሽ አለፍ ስትሉ በ1901 የተሠራው የዘንዶ ድልድይ አለ። ዘንዶ የከተማዋ ምልክት ነው።

ከዚያ ኮረብታው ላይ ወዳለው የከተማዋ ግንብ ውጡ። ከ2006 ጀምሮ በሐዲድ የሚወጣ መኪና አለ፤ ግን በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ግቢው በነፃ ነው፣ ክፍያው ለማማውና ለሙዚየሞቹ ነው። ውስጡ ያለው ጸሎት ቤት በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሰየመ ነው፣ 1489 ላይ ተባርኳል። ታች ዘንዶው፣ ላይ ጊዮርጊስ። በእኛ ቤት ሥዕሉን እያየ ያደገ ሰው እዚህ ሲደርስ ትንሽ ቆም ይላል።

ገንዘብ ሳላወጣ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ብዙ ነገር። ከመሀል ከተማው በእግር ተገብቶ ቲቮሊ ፓርክ አለ። በ1813 ፈረንሳዮች ከተማዋን ይገዙ በነበረበት ጊዜ የተነደፈ ነው። መሀሉን የሚያቋርጠው ሰፊ መንገድ ላይ ትልልቅ ፎቶግራፎች ተደርድረው ይታያሉ፣ በየጊዜውም ይቀየራሉ። ፓርኩ ካበቃበት የሮዥኒክ ኮረብታ ጫካ ይጀምራል።

ሙዚየም ለሚወድ ሁለት ቀኖች ያዙልኝ። ፌብሩዋሪ 8 ፕሬሼረን ያረፈበት ቀን ነው፣ ብሔራዊ የባህል በዓልም ነው። ዲሴምበር 3 ደግሞ የልደቱ ቀን ነው። በሁለቱም ቀናት ብዙ ሙዚየሞችና ጋለሪዎች በራቸውን በነፃ ይከፍታሉ። ከዚህ ሌላ አንዳንድ ትልልቅ ሙዚየሞች በወሩ የመጀመሪያ እሁድ አያስከፍሉም።

ቡና መጠጣት እንዴት ነው?

ቤታችሁ እንደሆናችሁ ቁጠሩት። እዚህ ሰው «ግሬሞ ና ካቮ» ካለ «ቡና እንጠጣ» ማለቱ ነው። ትርጉሙም እንደ እኛው ነው፤ ቡናው ሰበብ ነው፣ ጉዳዩ ወሬው ነው። አንድ ስኒ አዝዛችሁ ሁለት ሰዓት ብትቀመጡ ማንም ተነሱ አይላችሁም። ጣልያን ጎረቤት ስለሆነች ማሽኑንም አሠራሩንም ያውቁበታል። «ካቫ ዝ ምሌኮም» ማለት ቡና በወተት ነው፣ ማኪያቶ ብትሉም ይገባቸዋል። ወንዙ ዳር ያለው ወንበር ከውስጠኛው ሰፈር ትንሽ ይወደዳል፣ ግን በጸደይ የመጀመሪያው ሙቀት ቀን እዚያ መቀመጥ ዋጋ አለው። ከተማው በሙሉ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

በብስክሌት ልንቀሳቀስ? ወይስ በአውቶቡስ?

መሀል ከተማ በእግር ይበቃል። ራቅ ላለ ሰፈር የከተማው የኪራይ ብስክሌት ከ2011 ጀምሮ አለ፤ ባለ ካርድ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው ሰዓት በነፃ ነው። ከአንዱ ማቆሚያ አንስታችሁ በሌላው ታስቀምጣላችሁ። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ጀማሪም አይቸገርም። አውቶቡስ ላይ ግን ሹፌሩ ገንዘብ አይቀበልም፤ አስቀድማችሁ የከተማውን ካርድ ያዙ።

ዓርብ ዓርብ አደባባይ ላይ ምግብ አለ የሚባለው ምንድን ነው?

«ኦድፕርታ ኩህና» ይባላል፣ ክፍት ወጥ ቤት ማለት ነው። ከማርች አጋማሽ እስከ ኦክቶበር፣ ዝናብ ካልጣለ በስተቀር፣ በየዓርቡ ገበያው አጠገብ ያለው አደባባይ ላይ ምግብ ቤቶች ድንኳን ይዘው ይወጣሉ። ምጣዱ እዚያው ይንጫጫል፣ ጭሱ እስከ ወንዙ ይደርሳል። ሰው ሳህኑን ይዞ ደረጃ ላይ፣ የድልድይ ጠርዝ ላይ፣ ያገኘበት ይቀመጣል። ከትልቅ ሬስቶራንት የመጣውም ምግብ በትንሽ ሳህን ስለሚሸጥ የመቅመስ ዕድል ነው።

ቀኑ ዓርብ መሆኑ ለጾመኛ ፈተና ነው። ግን ተስፋ አትቁረጡ። የአትክልት ምግብ የሚሸጡ ድንኳኖች አሉ። ከተማው ውስጥም ከእንስሳት ምንም የማያስገቡ ምግብ ቤቶች አይጠፉም። ሦስት ቃላት ብታጠኑ ይበቃችኋል፦ «ብሬዝ ሜሳ» ያለ ሥጋ፣ «ብሬዝ ምሌካ» ያለ ወተት፣ «ብሬዝ ያይጽ» ያለ እንቁላል። «ጾም» ብሎ ማስረዳት ረጅም መንገድ ነው፤ እነዚህን ማለት ይቀላል። ቅቤ ለብቻው እንደሚጠየቅ ግን አትርሱ፣ ወተት የለውም ተብሎ በቅቤ የተጠበሰ ሊመጣ ይችላል።

ተማሪ ነኝ። የተለየ ጥቅም አለኝ?

አለህ፣ አለሽም። ትልቁ የተማሪ ምግብ ድጎማ ነው፤ ልጆቹ «ቦኒ» ይሉታል። መንግሥት ከዋጋው ከፊሉን ይሸፍናል፣ የቀረውን አንተ ትከፍላለህ። የሚሠራው በዩኒቨርሲቲ ካፌ ብቻ አይደለም፤ ከተማው ውስጥ ባሉ ብዙ ምግብ ቤቶችም ነው። ሾርባና ሰላጣ አብሮ ይመጣል። የውጭ አገር ተማሪም መብት አለው። ምዝገባችሁ እንዳለቀ ወዲያው ጠይቁ። ወራት ሙሉ ሳያውቅ ሙሉ ዋጋ ሲከፍል የቆየ ልጅ አውቃለሁ፤ የነገረው ሰው ስላልነበረ ብቻ።

ሌላው ነገር የሳምንቱ አካሄድ ነው። የስሎቬንያ ተማሪ ዓርብ ከሰዓት ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። አገሩ ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ቤቱ ይደርሳል። ስለዚህ የተማሪ ጭፈራው ሞቅ የሚለው በሳምንቱ መሀል ነው። ቅዳሜ ማታ ዶርሙ ጭር ሲል አትደንግጡ፣ ብቸኝነት አይሰማችሁ። ከእነሱ አንዱ ቤቱ ከጋበዛችሁ ደግሞ እሺ በሉ።

ከልጆች ጋር የት እንሂድ?

ቲቮሊ ውስጥ መጫወቻ አለ፣ በሮዥኒክ ኮረብታ ግርጌ ደግሞ የእንስሳት ማቆያው አለ። ለዝናብ ቀን ልጆች በእጃቸው እየነኩ ሳይንስ የሚማሩበት «የሙከራ ቤት» የሚባል ቦታ አለ።

እኔ ግን መጀመሪያ ወደ አሻንጉሊት ቲያትሩ ውሰዷቸው እላለሁ። ገበያው አጠገብ ነው። ትኬት ባትቆርጡ እንኳ ሰዓቱ ሲሞላ ከፊቱ ቁሙ። ከግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ማርቲን ክርፓን ከፈረሱ ጋር ብቅ ይላል። ክርፓን በስሎቬኖች ተረት ጨው ተሸክሞ የሚነግድ ጉልበተኛ ነው። አሞሌ ጨው ከአፋር በግመል ሲወጣ የሰማ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ለልጁ የሚያወራው አያጣም።

ሲኒማ ቤት ፊልሙ በምን ቋንቋ ነው?

ከሕፃናት ካርቱን በስተቀር ፊልም አይተረጎምም፤ በራሱ ቋንቋ ሆኖ ከታች የስሎቬንኛ ጽሑፍ ይሄዳል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው አይቸገርም። ቁም ነገር ያለው ፊልም ለሚፈልግ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ያለው ኪኖድቮር ነው፤ በ1923 የተከፈተ ሲኒማ ቤት ነው። በበጋቸው ግንቡ ግቢ ውስጥ ማታ ማታ ከሰማይ በታች ፊልም ያሳያሉ። ጃኬት ያዙ፣ ሲመሽ ይቀዘቅዛል።

ሙዚቃና ኮንሰርት የት አለ?

ይህች ከተማ በሙዚቃ የቆየች ናት። የፊልሃርሞኒኩ መነሻ የሆነው ማኅበር የተመሠረተው በ1701 ነው። የሉብሊያና ፌስቲቫል ከ1953 ጀምሮ በየበጋው አለ፣ በ1960 ብሌድ ከተማ ላይ የተጀመረው የጃዝ ፌስቲቫልም እንዲሁ። ብዙዎቹ ዝግጅቶች የሚካሄዱት ክሪዣንኬ በሚባል ግቢ ነው። ድሮ ገዳም ነበር፤ ፕሌችኒክ በእርጅናው ዘመን ወደ አየር ላይ ቲያትር ለውጦታል። የጁን ማብቂያ አካባቢ ደግሞ የጎዳና ቲያትር አለ፤ መንገድ ላይ ቆማችሁ የምታዩት፣ ትኬት የማያስፈልገው።

ለወጣቱ ሜቴልኮቫ ነው። በኦስትሮ ሃንጋሪ ዘመን የተሠራ የጦር ካምፕ ነበር፣ በኋላ የዩጎዝላቪያ ጦር ተቀመጠበት። ጦሩ 1991 ላይ ወጣ። በሴፕቴምበር 1993 ሕንፃዎቹ መፍረስ ሲጀምሩ አርቲስቶችና ወጣቶች ገብተው ያዙት፣ እስካሁንም አለ። ግድግዳው ሁሉ ሥዕልና ሞዛይክ ነው። ማታ የተለያየ ክለብ ይከፈታል፤ ሮክ፣ ሬጌ፣ ኤሌክትሮኒክ። መግቢያው ርካሽ ነው። ከጎኑ የጦሩ እስር ቤት የነበረው ሕንፃ ከ2003 ጀምሮ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል፤ ክፍሎቹ ድሮ የእስረኛ ክፍል ናቸው። ቀን ሄዳችሁ ግድግዳውን እዩ፣ ከዚያ ማታ ተመለሱ።

ስፖርት ማየት እወዳለሁ። ምን አለ?

ቅርጫት ኳስ። ሉካ ዶንቺች የተወለደው እዚሁ ነው፣ በ1999። ስሎቬንያ 2017 ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ከሆነች ወዲህ ፍቅሩ ጨምሯል። ጨዋታው ያለው በ2010 በተከፈተው የስቶዢጼ አዳራሽ ነው፤ የእግር ኳስ ስታዲየሙም አጠገቡ ነው።

ለእኛ ግን ትልቁ ቀን የኦክቶበሩ ማራቶን ነው። ኬንያውያንና ኢትዮጵያውያን ከፊት ሲሮጡ ማየት የተለመደ ነው። 2018 ላይ ሲሳይ ለማ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸነፈ። በኋላ 2021 ላይ ለንደንን፣ 2024 ላይ ቦስተንን ያሸነፈው ያው ሲሳይ ነው። ባንዲራ ይዛችሁ ውጡ። ከተማው ትንሽ ስለሆነ ሯጩ እጃችሁን ዘርግታችሁ በምትነኩት ርቀት ነው የሚያልፈው፤ «አይዞህ!» ስትሉት በደንብ ይሰማዋል።

ተራራ የምትሉት ሽማርና ጎራ ምን አለው?

ከከተማው ሰሜን ያለ 669 ሜትር ተራራ ነው። ከታጼን ሰፈር ተነስቶ እስከ ጫፍ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አሮጊቱም፣ ዳኛውም፣ ሕፃን ያዘለውም ይወጣዋል። በየቀኑ የሚወጡ ሰዎች አሉ። ስትተላለፉ «ዶበር ዳን» ማለት ግድ ነው። መንገድ ላይ ዝም የሚሉት ሰዎች ተራራ ላይ ሰላምታ ይሰጣሉ።

በተለይ በኖቬምበር ሂዱ። የሉብሊያና ሜዳ በብርዱ ወራት ጉም ይተኛበታል፣ አንዳንዴ ቀናት ሙሉ ፀሐይ አይታይም። ያን ጊዜ ነው ሰው የሚጨነቀው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ፀሐይ ለምዶ ያደገ ነው። መንገዱን በግራጫው ውስጥ ትጀምራላችሁ፣ ዛፉ ይንጠባጠባል፣ ፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ድምፅ እንጂ መልኩን አታዩም። ከዚያ ጫፉ ሲቃረብ ብርሃኑ ነጣ ይላል፤ ሁለት መታጠፊያ እንዳለፋችሁ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይጠብቃችኋል። ከተማው ከታች በነጭ ጉም ተሸፍኗል፣ ከማዶ የአልፕስ በረዶ ያበራል። ጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ምግብ ቤትና ስእለት ተስሎ የሚደወል ደወል አለ። ገመዱን ትስባላችሁ፣ የምትፈልጉትን በልባችሁ ትላላችሁ፣ ከዚያ ትኩስ ሻይ ትጠጣላችሁ። የብርዱ ወራት ከከበዳችሁ ከማንኛውም ነገር በፊት ይህን ሞክሩ።

ከተማውን የሚዞረው የእግር መንገድ ምንድን ነው?

ሰዎች «ፖት» ይሉታል፤ ሙሉ ስሙ የመታሰቢያና የጓድነት መንገድ ነው። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠጠር የለበሰ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ። ሰው ይሮጥበታል፣ ውሻ ያንሸራሽርበታል፣ ልጅ ብስክሌት ይማርበታል። ብዙ እንግዳ ግን ለምን ቀለበት እንደሆነ አያውቅም።

በፌብሩዋሪ 1942 የፋሺስት ጣልያን ጦር ከተማዋን በሙሉ በሾህ ሽቦ አጠራት። ሰው ከሰፈሩ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። በኋላ ጀርመን ተካው፤ ሽቦው የቆየው እስከ ሜይ 1945 ነው። ዛሬ የሚሄዱበት መንገድ ሽቦው የነበረበት ነው፤ የጦሩ ምሽጎች በነበሩበት ቦታ ባለ ስምንት ማዕዘን የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል። እኛን የወረረው ያው የሙሶሊኒ መንግሥት ነው፤ አዲስ አበባን ለቅቆ ከወጣ ዓመት ሳይሞላው እዚህ ሽቦ ዘረጋ። በየዓመቱ ሜይ 9 አካባቢ የከተማው ሕዝብ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ፣ በእግሩ ይዞረዋል። እንግዳም ይቀላቀላል። የአንዱን ቀን ግማሽ ስጡትና ከእነሱ ጋር ሂዱ።

እሁድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ምን ይደረጋል?

ትልልቅ ሱቆች እሁድ በሕግ ዝግ ናቸው። ነዳጅ ማደያና ጣቢያ አካባቢ ያሉ ትንንሾች ይከፍታሉ። አስቤዛውን ቅዳሜ ጨርሱ። እሁድ ጠዋት ወንዙ ዳር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይዘረጋል፤ የድሮ ሳንቲም፣ የዩጎዝላቪያ ዘመን ሜዳልያ፣ ሸክላ። ባትገዙም ማየቱ ደስ ይላል።

ማታ መውጣት ደህና ነው? መጠጥስ?

ሴቶች ብቻቸውን በእኩለ ሌሊት በእግር ሲሄዱ ታያላችሁ፤ ከተማው ሰላማዊ ነው። የተለመደውን ጥንቃቄ ግን አትተዉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሱቅ አልኮል አይሸጥም፣ ቡና ቤት ብቻ ነው። ሌሊት አውቶቡስ ስለሚሳሳ አመላለሳችሁን አስቀድማችሁ አስቡ።

ጥቁር በመሆኔ ያፈጡብኛል?

አንዳንዴ አዎ። በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች፣ በተለይ ከመሀል ከተማ ወጣ ሲባል። ጥቁር ሕዝብ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ማፍጠጡ ጉጉት ነው፤ ሰላም ስትሏቸው ይፈታሉ። ሁሌም ግን እንዲህ ነው ብዬ አልዋሽም። ክፉ ቃል የሰነዘረ ሰው ወይም በር ላይ ያለ ምክንያት የከለከለ ጥበቃ ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ አትዋጡት። ለወዳጅ ተናገሩ፣ ከባድ ከሆነም ለፖሊስ። መደበኛ ቦታ መያዝ ይረዳል። አንድ ካፌ፣ አንድ የስፖርት ቡድን፣ አንድ ተራራ መውጫ ሰዓት ይኑራችሁ። ፊታችሁን ካወቁት በኋላ ነገሩ ይለወጣል።

ቅዳሜና እሁድ ወጥቼ ሌላ ቦታ ማየት እችላለሁ? ትሪየስቴስ?

ብሌድ ሐይቅ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የፖስቶይና ዋሻም ከዚያ አይርቅም። ሁለቱም በአውቶቡስ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ናቸው። ለእነዚህ ወረቀት አያሳስባችሁም።

የጣልያኗ ትሪየስቴና የክሮኤሺያዋ ዛግሬብ ግን ሌላ አገር ናቸው። ስሎቬንያ፣ ጣልያንና ክሮኤሺያ ሦስቱም ሼንገን ውስጥ ስለሆኑ ብዙ ሰው መታወቂያ አያስፈልግም ብሎ ያስባል። እንደዚያ አታስቡ። ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ጣልያን በስሎቬንያ በኩል፣ ስሎቬንያም በክሮኤሺያ በኩል የድንበር ቁጥጥር መልሰው ጀምረዋል፤ አውቶቡስ ቆሞ ሰነድ ሊጠየቅ ይችላል። የስሎቬንያ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፓስፖርቱንና ካርዱን ሁለቱንም ይያዝ፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ሌሎቹን የሼንገን አገሮች መጎብኘት ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ግን ድንበሩን አይሻገር፤ ለአንድ ቀን ሽርሽር ብሎ ጉዳዩን አደጋ ላይ ይጥላል። ለእሱ ባሕር ካማረው ስሎቬንያ የራሷ አላት፤ ፒራን በአውቶቡስ ይኬዳል።